የባሕር ጎረቤት

ውድ አንባቢያችን፣ እርስዎ የሚኖሩት ምናልባት አዲስ አበባ፣ ምናልባትም ደሴ ወይም አዳማ ይሆናል። የቧንቧው ውሃ ሲጠፋ ጀሪካን ይዘው መሰለፍ ለእርስዎ አዲስ ነገር አይደለም። ዛሬ ግን ስለ ሌላ ዓይነት የውሃ ጭንቀት ላጫውትዎ፤ ዓይን ማየት እስከሚችልበት ድረስ ውሃ ተንጣሎ እያዩ አንዲት ብርጭቆ የሚጠጣ ስለሚቸግርበት ኑሮ።

ባለቤቴ በወደብ ሥራ ላይ ስለነበር ከ1973 እስከ 1978 ዓ.ም. ቤታችን አሰብ ነበር። አሰብ ዛሬ የኤርትራ ከተማ ናት፤ በዚያን ጊዜ ግን የኢትዮጵያ ዋና የዕቃ መግቢያ በር በመሆኗ ከደጋ የወረደ ሠራተኛና ቤተሰብ ሞልቶባት ነበር። ከአዲስ አበባ ያለው ርቀት ወደ 880 ኪሎ ሜትር ነው። ኮምቦልቻን አልፈን ባቲ ስንደርስ ጋቢዬን አወለቅሁ፤ ሚሌ ላይ ሹራቤን፤ ማንዳ ስንገባ ትንሹ ልጄ ራቁቱን ቀረ። ባሕሩ ብቅ ሲል ትልቁ ልጄ፣ «እማዬ፣ ይህ ሁሉ ውሃ የማን ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። መልስ አልነበረኝም።

የቤት እመቤትነቴን እንደ ገና የተማርኩት እዚያ ነው። ደጋው በዝናብ በሚርስበት በሐምሌና በነሐሴ አሰብ እንደ ምድጃ ትግላለች፤ ሰው አልጋውን ግቢ አውጥቶ ይተኛል። ሦስት ቀን ይቆይ ብዬ ያቦካሁት ሊጥ በማግስቱ ኮምጥጦ፣ ከቡሃቃው ገንፍሎ ወለሉን አጥለቀለቀው። ከዚያ ወዲያ ማታ አቡክቼ በማግስቱ ማታ መጋገር ለመድኩ። በርበሬውና ሽሮው በአየሩ እርጥበት እየጓጎለ ስላስቸገረኝ ክዳኑ በሚጠብቅ ቆርቆሮ አኖረው ጀመር። ቢላዋና መርፌ እንኳ ዘይት ካልነካቸው በሳምንት ይዝጋሉ።

የባሕሩ ውሃ ለማጠቢያ እንኳ አያገለግልም። በአንድ ሊትር ውስጥ ከ35 ግራም በላይ ጨው ስላለው ሳሙና አያስነሣም፤ ቢጠጡትም ሰውነት ጨውን ለማስወጣት ከጠጣው የበለጠ ውሃ ስለሚያጣ ጥማቱ ይብሳል። ስለዚህ የምንጠጣውን ውሃ በጀሪካን እናጠራቅም ነበር፤ ልጆች የታጠቡበት ልብስ ይዘፈዘፍበታል፤ ልብስ የታጠበበት ወለል ይጸዳበታል።

ከሁሉ በላይ ያስተማረችኝ አንዲት የአፋር ጎረቤቴ ናት። ዓሣን ከጀርባው ሰንጥቆ፣ በበርበሬና በጨው አሽቶ መጥበስን ያሳየችኝ እርሷ ነች። በመጀመሪያ «ይሸታል» ብለው አፍንጫቸውን የያዙት ልጆቼ ወር ሳይሞላ በዓሣው ጭንቅላት ይጣሉ ጀመር።

አንድ እሑድ ግን የልቤን ቀጥ ማለት አልረሳውም። ባሕሩ ከዳርቻው ርቆ ሸሽቶ አሸዋው ተገልጦ ነበር። የስምንት ዓመቱ ልጄ ዛጎል ሲለቅም፣ ሸርጣን ሲያባርር፣ ርቆ ወደ አንድ የአሸዋ ጉብታ ሄደ። እኔ የማውቀው ውሃ ከፊት እንደሚመጣ ነው። ባሕሩ ግን ሲመለስ በልጁና በእኛ መካከል ባለው ዝቅተኛ ቦታ ሾልኮ ገባ። ጠዋት ቁርጭምጭሚት እንኳ የማይደርሰው ቦታ የልጅ ቁመት የሚውጥ ሆነ። ልጄ እየጠበበች በምትሄድ አሸዋ ላይ ቆሞ ይጮኻል።

ነጠላዬን ጥዬ ልገባ ስል ጎረቤቴ ክንዴን ጨምድዳ ያዘችኝ። «እህቴ፣ አንቺ ዋና አታውቂም። ሁለታችሁንም ታስለቅሺናለሽ» አለችኝ። ወዲያው ልጄን «ካለህበት አትንቀሳቀስ!» ብላ ጮኸችበትና ትልቁን ልጇን ባዶ ጀሪካን ክዳኑን አጥብቃ ሰጠችው። ልጁ እየዋኘ ደረሰ፤ የእኔው ልጅ ጀሪካኑን አቅፎ እየተጎተተ ወጣ። ሁልጊዜ ሞልቶ እንዲገኝ የምጨነቅለት ጀሪካን ያን ዕለት ባዶ በመሆኑ አመሰገንኩ።

«ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል» እያልኩ ያደግሁ ሴት፣ ትርጉሙ የገባኝ ያን ቀን ነው። ማታ ቡናው ላይ ጎረቤቴ የባሕሩን ጠባይ አስረዳችኝ። ባሕሩ በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይሸሻል፤ ሰዓቱም በየቀኑ ወደ 50 ደቂቃ ያህል ይዘገያል። አዲስ ጨረቃ ስትወለድና ሙሉ ስትሆን ከሁሉ ይበልጥ ይርቃል፤ ሲመለስም ከሁሉ ይበልጥ ይሞላል። ከዚያ በኋላ የግድግዳችን የቀን መቁጠሪያ ላይ የጨረቃዋ ቀኖች ተከበቡ። እኔም በ31 ዓመቴ፣ አመሻሽ ላይ ከሴቶቹ ጋር ቀሚሴን እንደለበስኩ ዋና ተማርኩ። ባለቤቴ ሳቀ፤ በኋላ እርሱም ተማረ።

ወደ አዲስ አበባ ከተመለስን በኋላ የጎረቤቴ ልጅ ደብዳቤ ይጽፍልን ነበር። በ1990 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲነሣ ደብዳቤው ተቋረጠ። ሦስት የልጅ ልጆች አየሁ፤ ሦስቱም የተገኙት ያ ልጅ ከባሕር ካወጣው ልጄ ነው። እርሷ ይህን ሳትሰማ መቅረቷ ይቆጨኛል።

ውድ አንባቢያችን፣ እርስዎ ልጆችዎን የሚወስዱት ወደ ሐዋሳ፣ ወደ ላንጋኖ ወይም ወደ ቢሾፍቱ ይሆናል። ሐይቅ እንደ ባሕር አይሸሽም፤ ነገር ግን የቢሾፍቱን የመሰሉ ሐይቆች ከዳር ጥቂት ራመድ እንዳሉ ገደል ናቸው። ስለዚህ ምሳው ሲቀርብም ቢሆን አንድ አዋቂ ሥራው ልጆቹን ማየት ብቻ ይሁን። ልጅ ውሃ ውስጥ ቢቸገር፣ ዋና የማያውቁ ከሆነ ተከትለው አይግቡ፤ ሰው ይጥሩ፣ ገመድ ወይም የነጠላዎን ጫፍ ይወርውሩለት። ክዳኑ የተዘጋ ባዶ ጀሪካንም ከጓዝዎ አይለይ። ከተቻለዎም ዋና ይማሩ። በ31 ዓመት የተማረች እናት ታውቃለች፤ አልረፈደም።