ሊዙ ላይ ስሙ የሌለው ሰው

ስለ ኤች አይ ቪ ስጽፍ ላይክ እንደማይበዛ አውቃለሁ። ሰው ያነባል፣ ምልክት ግን ጥሎ አይሄድም፤ «እሱም አለበት እንዴ?» እንዳይባል ይሰጋል። ግድ የለም፣ ላይክ አታድርጉ። ብቻ እስከ መጨረሻው አንብቡትና ይጠቅመዋል ለምትሉት ሰው በውስጥ መስመር ላኩለት።

የማወራው ስለ መድኃኒት ሳይሆን ስለ ቤት ኪራይ ነው። እዚህ አሜሪካ ቫይረሱ በደሙ ላለና ገቢው ዝቅተኛ ለሆነ ሰው ከፌዴራል መንግሥት የሚመጣ የቤት ድጋፍ አለ፤ ሆፕዋ ይባላል። ሕጉ የወጣው በ1990 ነው (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው)። ያን ጊዜ ኤድስ ማለት ሞት ነበር። ሰው መታመሙ ሲታወቅ ከሥራ ይባረራል፣ አከራዩ ዕቃውን ያወጣበታል፣ ሆስፒታል የተኛውም ሲሻለው እንኳ የሚሄድበት ስለሌለ አልጋ ይዞ ይቀራል። ገንዘቡን የሚያስተዳድረው ሃድ የምንለው የቤቶችና የከተማ ልማት መሥሪያ ቤት ሲሆን፣ ለ2024 በጀት ዓመት ኮንግረስ 505 ሚሊዮን ዶላር መድቦለት ነበር። አብዛኛው በቀመር ለከተሞችና ለስቴቶች ይከፋፈልና ከእነሱ ደግሞ ወደ በጎ አድራጎት ድርጅቶች ይወርዳል። በሩን የምታንኳኩት ድርጅት ስሙ ከሃድም ከሆፕዋም ጋር የማይገናኘው ለዚህ ነው።

ሆፕዋ ብዙ ክፍል አለው። እኔ ዛሬ የያዝኩት የአጭር ጊዜውን ነው፤ ኪራይ፣ ሞርጌጅ ወይም የመብራትና የጋዝ ቢል መክፈል አቅቶት ከቤቱ ሊወጣ ለተቃረበ ሰው የሚሰጠውን። ደንቡ በ52 ሳምንት ውስጥ ከ21 ሳምንት ያልበለጠ ወጪ ይሸፈናል ይላል። 21 ሳምንት 147 ቀን ነው፣ አምስት ወር አይሞላም።

እስቲ አንድ የኡበር ሹፌር እናስብ። ወገቡን ታሞ ክረምቱን ተኛ፣ ኪራይ ተጠራቀመበት። የጃንዋሪና የፌብሩዋሪ ኪራይ ቢከፈልለት፣ በቀን ሲቆጠር 59 ቀን ተጠቀመ ማለት ነው። 88 ቀን ይቀረዋል። ቀሪው በተከታታይ መሆን የለበትም፤ በዚያው 52 ሳምንት ውስጥ እንደገና ቢቸገር ተመልሶ መጠየቅ ይችላል። ገንዘቡ በእጁ አይገባም፤ ቼኩ የሚጻፈው ለአከራዩ ወይም ለመብራት ድርጅቱ ነው። ብድርም አይደለም። ሞርጌጅ መካተቱን ደግሞ ልብ በሉልኝ። ራያን ዋይት የሚባለው ሌላው የኤች አይ ቪ ፕሮግራም ለቤት ቢረዳም ሞርጌጅ አይከፍልም፤ ሆፕዋ ይከፍላል። ቨርጂኒያ ታውንሃውስ ገዝቶ ሥራ የቆመበት ሰው «እኔ ባለቤት ነኝ፣ ይሄ ለተከራይ ነው» ብሎ ቤቱ እስኪወሰድ ዝም እንዳይል ነው ይህን መጻፌ።

ለአዲስ ቤት የሚከፈል ዲፖዚት ግን በዚህ አይሸፈንም። እሱ በሆፕዋ ሌላ ክፍል ሥር ነው፣ እስከ ሁለት ወር ኪራይ ድረስ። ጭራሽ ቤት ለሌለውም በጊዜያዊ መጠለያ በስድስት ወር ውስጥ እስከ 60 ቀን ማረፍ የሚፈቅድ አንቀጽ አለ። ኬዝ ማናጀር ስታገኙ «የትኛው ክፍል ነው የሚመለከተኝ?» ብላችሁ ጠይቁ፤ አንዱ አይሆንም ሲባል ሁሉም አይሆንም የመሰለው ብዙ ሰው አለ።

21 ሳምንት በቂ ነው ወይ? እንደ ሹፌሩ ላለ፣ አንድ ጊዜ ተደናቅፎ ለሚነሳ ሰው በቂ ይመስለኛል። ገቢው ሲጀመርም ኪራዩን ለማይችል ሰው ግን 147ኛው ቀን ሲያልፍ የነበረበት ቦታ ላይ ነው። ሕጉም ይህን ያውቀዋል። ድርጅቱ ሰውየውን ወደ ቋሚ መኖሪያ ለማድረስ እንዲጥር ያስገድዳል፤ ከልብ ጥሮ ካልተሳካለት ደግሞ ሃድ የጊዜ ገደቡን ሊያነሳ የሚችልበት ቀዳዳ ትቷል። በወረቀት ደረጃ ጥሩ ነው። በተግባር ግን የቋሚው ድጋፍ ወረፋ ረጅም ነው፣ ቀዳዳውን ደግሞ ባለጉዳዩ ራሱ ካላነሳው ብዙ ጊዜ የሚያነሳው የለም። ቁጥሩ ከሰማይ የወረደ እንዳልሆነ በ2020 አይተናል። ኮቪድ ሲገባ ኮንግረስ ለሆፕዋ 65 ሚሊዮን ዶላር ጨመረና በዚያ ገንዘብ የሚሰጠው የአጭር ጊዜ ድጋፍ እስከ 24 ወር እንዲዘልቅ ፈቀደ። ሲፈለግ ይለጠጣል ማለት ነው።

የገቢው ነገር ብዙ ሰው በከንቱ ያስፈራል። የፌዴራሉ ጣሪያ የአካባቢው መካከለኛ ገቢ 80 ከመቶ ነው፤ አንዳንድ ድርጅት ከዚያ ዝቅ ሊያደርገው ይችላል። እንደ ዲሲ ባለ ውድ አካባቢ ይህ ጣሪያ ዝቅ ያለ አይደለም። ፓርኪንግ የሚሠራ፣ አረጋዊ የሚንከባከብ፣ ግሮሰሪ ካሽ ላይ የሚቆም ሰው ሥራ ስላለው ብቻ አይከለከልም። «እኔ እሠራለሁ፣ ይሄ ለድኻ ነው» ይላሉ። ጠይቀው ቢከለከሉ ምንም አልነበረም፤ እነሱ ግን ሳይጠይቁ ራሳቸውን ይከለክላሉ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ።

ደንቡን የጻፈው ሰው በዓይነ ሕሊናው ያየው የኪራይ ውሉ፣ ማለትም ሊዙ፣ በስሙ የሆነ፣ የመብራት ቢል በስሙ የሚመጣለት፣ ድንገት ችግር የገባበትን ሰው ይመስለኛል። አመልካቹ የቤቱ ሕጋዊ ነዋሪ መሆኑን፣ የመክፈል ግዴታም እንዳለበት ማሳየት አለበት። የመንግሥት ገንዘብ ስለሆነ ይህ አይገርምም። የእኛ ሰው አኗኗር ግን ሌላ ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም አሌክሳንድሪያ አንድ ባለ ሁለት መኝታ አፓርትመንት ግቡ። ሊዙ ላይ ያለው አንድ ስም ነው። ሁለተኛው መኝታ ለአንዱ ተከራይቷል፣ ሳሎኑም በመጋረጃ ተከፍሎ ለሌላው። ኪራይ የሚከፈለው በጥሬ ገንዘብ፣ ቢበዛ በዜል ነው፤ ዜሉ ላይ ያለችው ማስታወሻም «ቴንክስ» ብቻ ናት፣ ኪራይ አትልም። እንዲህ ሆኖ ስምንት ዓመት የኖረ ሰው በወረቀት ሲታይ እዚያ ቤት አልኖረም።

ታዲያ ኬዝ ማናጀሩ «እሺ፣ ሊዙ በስሟ የሆነችው ሴትዮ፣ አንተ እዚያ እንደምትኖርና ይህን ያህል እንደምትከፍላት የሚገልጽ ደብዳቤ ትጻፍልህ» ይለዋል። ሰውየው ማታ ገብቶ ወጥ ቤት በር ላይ ይቆማል።

«እትዬ፣ አንዲት ደብዳቤ ፈልጌ ነበር።»

«የምን ደብዳቤ?»

«እዚህ እንደምኖር የሚል። ለአንድ ድርጅት ነው።»

«የምን ድርጅት? ምን ሆነህ ነው ድርጅት የምትሄደው?»

«ኧረ ምንም አይደል። ይቅር፣ ተዉት።»

ነገሩ እዚህ ላይ ያበቃል። ቤት ገመና ከታች ነው እንላለን፤ እዚህ ግን ቤቱን ለማዳን መጀመሪያ ገመናን መግለጥ ሊኖርበት ነው። ሁለቱን ሲመዝን ቤቱን ይለቃል። ከዚያ የጓደኛ ሶፋ፣ ቀጥሎ መኪና ውስጥ ማደር፣ መድኃኒቱን ሰው እንዳያይበት መደበቅ፣ ሲደብቅ መርሳት። በየቀኑ ሲወሰድ የቫይረሱን መጠን በምርመራ እስከማይታይ ድረስ የሚቀንሰው ኪኒን ብዙ ጊዜ የሚቋረጠው በግዴለሽነት ሳይሆን እንዲህ ነው።

ሴትዮዋንም አልፈርድባትም። የእሷ ሊዝ ሌላ ሰው ማኖር ይከለክል ይሆናል፤ ደብዳቤው ማኔጅመንት እጅ ቢገባ እሷም ትወጣለች። ፍርሃቷ እውነተኛ ነው። ጥያቄዋ ግን ከፍርሃቷ ጋር አይገናኝም። «የምን ድርጅት?» ብላ መጠየቋ ሊዙን አያድንላትም።

ሕጉ በምስጢር በኩል የማያሻማ ነው። በሆፕዋ የሚረዳን ሰው ስም ምስጢራዊነት መጠበቅ ግዴታ ነው፤ አከራዩ የሰውየውን ምርመራ ውጤት ማወቅ የለበትም። እናንተም በበኩላችሁ ገና ስታመለክቱ ሁለት ነገር ጠይቁ፦ ቼኩ ላይ የሚታየው የማን ስም ነው? ፖስታውስ ላይ ምን ይጻፋል? የድርጅቱ ስም ራሱ «ኤች አይ ቪ» የሚል ከሆነ ሌላ መንገድ እንዲፈልጉላችሁ ንገሯቸው። ይህን መጠየቅ ቅንጦት አይደለም።

አስተርጓሚም ሌላ ጣጣ ነው። ዲሲ በ2004 ባወጣችው የቋንቋ ሕግ ምክንያት አማርኛ የከተማዋ መሥሪያ ቤቶች ከሚያገለግሉባቸው ቋንቋዎች አንዱ ነው። መብቱ አለ፣ ሰዉ ግን አይጠቀምበትም። በስልክ የምትመጣው አስተርጓሚ እዚያው ደብር የምታስቀድስ ብትሆንስ? ድምፄን ብትለየውስ? ስለዚህ በተሰባበረ እንግሊዝኛው ይታገልና ግማሹን ሳይገባው ይፈርማል። ከሌላ ስቴት የሆነ አስተርጓሚ በስልክ ይሁንልኝ ማለት ይቻላል፤ ስማችሁንም ለአስተርጓሚው እንዳይነግሩባችሁ መጠየቅ ትችላላችሁ።

ከሁሉም ሥር ደግሞ አሮጌ ፍርሃት አለ። ከ1987 ጀምሮ እስከ ጃንዋሪ 2010 አሜሪካ ቫይረሱ ያለበትን የውጭ ዜጋ አታስገባም ነበር። ዲቪ ደርሶት ለምርመራ ደሙን ሲሰጥ እንቅልፍ ያጣ ትውልድ ነው ዛሬ እዚህ ያለው። እገዳው ከተነሳ ቆይቷል፣ ከሰው ሆድ ግን አልወጣም፤ «ወረቀቴን ያበላሽብኛል» ይላሉ። ዜጋ ለሆነ ሰው ይህ ጭንቀት መሠረት የለውም። ጉዳዩ ገና በሂደት ላይ ያለ ሰው ግን ከማመልከቱ በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃ ያማክር እንጂ የሻይ ቤት ምክር አይስማ፤ ደንቡ በየጊዜው ይለዋወጣልና።

ችግሩ ለጀመራችሁ የምለው አጭር ነው። የኮርት ወረቀት በር ላይ እስኪለጠፍ አትጠብቁ፤ ማመልከቻ ታይቶ ቼክ እስኪወጣ ጊዜ ይወስዳል። ከዚህ ወር ጀምሮ ዜል ስትልኩ «የዚህ ወር ኪራይ» ብላችሁ ጻፉበት። ቢያንስ አንድ ቢል ወይም የባንክ ደብዳቤ በስማችሁ ወደምትኖሩበት አድራሻ እንዲመጣ አድርጉ። ጤነኛ ሆናችሁም ብታደርጉት አትከስሩም።

የቀረው ግን ለእናንተ ሊዙን ለያዛችሁት ነው። ሊዝ ስታድሱ ደባላችሁን በማኔጅመንቱ አስፈቅዳችሁ ስሙን አስገቡለት፤ ያኔ ማንም ደብዳቤ አይለምናችሁም። ያ እስኪሆን ድረስ፣ አብሯችሁ የሚኖር ሰው «እዚህ እንደምኖርና ይህን ያህል እንደምከፍል ጻፉልኝ» ካላችሁ፣ እውነት እስከሆነና ሊዛችሁ እስከፈቀደ ድረስ ጻፉለት። ለምን እንደሆነ አትጠይቁት።