ጊለላየ፦ በጀልባ የተሻገሩ ቤተሰቦች መንደር

ጊለላየ በዴንማርክ ትልቋ ደሴት በሼላን ሰሜናዊ ጫፍ የምትገኝ የዓሣ አጥማጆች መንደር ናት። ከኮፐንሃገን በባቡር ተነሥተን ሂለሮድ ላይ ሌላ ባቡር ይዘን ደረስን። ወደቧ የዓሣ ሽታ አለው፤ ነፋሱ በበጋም ካፖርት ያስለብሳል። ሰማዩ ሲጠራ የስዊድን ዳርቻ ከባሕሩ ማዶ ይታያል። መንደሯ በአይሁድ ታሪክ ውስጥ የገባችውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ጀርመኖች ዴንማርክን የያዙት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1940 ነበር። በሴፕቴምበር 1943 መጨረሻ ጌኦርግ ዱክዊትስ የተባለ ጀርመናዊ ዲፕሎማት አይሁዶቹ ሊታፈሱ መሆኑን ለዴንማርክ ፖለቲከኞች አስጠነቀቀ። በማግሥቱ የሮሽ ሃሻና ዋዜማ ነበር። ረቢ ማርኩስ ሜልኪዮር ለጸሎት የመጣውን ሕዝብ ሄዳችሁ ተደበቁ፣ ለሌላውም ንገሩ ብለው አሰናበቱት።

ብዙ ሰው ወደ ጊለላየ መጣ። የመንደሩ ሰዎች በየቤታቸውና በየጎተራቸው ሸሸጓቸው። ዓሣ አጥማጆቹ ዓሣ በሚጫንበት የጀልባ ሆድ ውስጥ ደብቀው በሌሊት ያሻግሯቸው ነበር። በነጻ ነበር እንዳትሉ፤ ብዙዎቹ ገንዘብ ተቀብለዋል፣ እጅግ ያስወደዱም ነበሩ። ጀልባው ቢያዝ ግን የቤተሰቡ እንጀራ አብሮ ይሄዳል። በሱዳን በኩል የመጣ ሰው የመንገድ መሪ ዋጋ ምን እንደ ሆነ ስለሚያውቅ አይፈርድባቸውም።

ሕፃናቱ አልቅሰው እንዳያጋልጡ ሐኪሞች የእንቅልፍ መድኃኒት ይወጓቸው ነበር። ይህን ስሰማ አንዲት እናት ትዝ አሉኝ። በሾዓ መታሰቢያ ቀን ሳይረኑ ሲነፋ ቆመው፣ «ልጄ፣ ይህ የእኛም ሐዘን ነው ወይ?» ብለው ጠይቀውኛል። እኒህ እናት በ1984 ወደ ሱዳን ሲሄዱ ሽፍታ እንዳይሰማ የልጃቸውን አፍ በእጃቸው ይዘው ያደሩ ናቸው።

ሁሉም ግን አልተሻገረም። ከወደቡ ብዙ የማይርቅ ቤተ ክርስቲያን አለ። በጣራው ሥር 80 ያህል ሰዎች በብርድ ተጠጋግተው ጀልባ ይጠብቁ ነበር። ኦክቶበር 6 ሌሊት ጌስታፖ ቤተ ክርስቲያኑን ከበበና ሁሉንም ለማለት በሚያስደፍር መልኩ ያዛቸው። እኔ ከወደቡ ይልቅ እዚህ ብዙ ቆየሁ። አስጎብኚዎች ስለ ጀልባዎቹ ማውራት ይወዳሉ፤ ስለ ጣራው ግን ካልጠየቋቸው አጠር ያደርጉታል።

ከዴንማርክ በጠቅላላው ከ7,000 በላይ አይሁዶች ስዊድን ገቡ። 470 ያህሉ ቴሬዚንሽታት ወደሚባለው ካምፕ ተወስደው 50 ያህሉ እዚያ ሞቱ። ከጦርነቱ በኋላ የተመለሱት ብዙዎች ቤታቸውን ጎረቤት ጠብቆላቸው አገኙት፤ ባዶ ወይም በሌላ ሰው ተይዞ ያገኙትም አሉ።

ጊለላየ ሩቅ ናት፤ ኢየሩሳሌም ግን ቅርብ ናት። ቤት ሃኬሬም በሚባለው ሰፈር የዴንማርክ አደባባይ አለ፣ መታሰቢያውም በጀልባ ቅርጽ የተሠራ ነው። ልጆቻችሁን ይዛችሁ ስትሄዱ በመጀመሪያ የእናንተን መንገድ ንገሯቸው፤ የዴንማርኩን ከዚያ በኋላ።