ከድስቱ አጠገብ የራቀው ወንድማችን



ባለፈው ረመዳን ኮልፌ አስራ ስምንት ማዞሪያ አካባቢ በተከራየናት ቤት ለኢፍጧር ሽሮ እየሠራን ነበር። ከወሎ ደላንታ የመጣው ወንድማችን "ጓያ አለበት እንዴ?" ብሎ ከእንፋሎቱ ራቅ አለ። ሳቅንበት። እሱ ግን አልሳቀም። በ1980ዎቹ መጨረሻ ድርቁ ሌላውን እህል ሲያጠፋ አጎቱ ለወራት ጓያ ብቻ በሉ፤ እግራቸው ታሰረ። እስከ ዛሬ መስጊድ የሚሄዱት በሁለት ምርኩዝ ነው።

አፈርን። የፋርማሲ ተማሪዎች ነንና ቢያንስ አንብበን እንወቅ አልን።

ጓያ ውስጥ ኦዳፕ የሚባል መርዝ አለ፤ ተለይቶ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1964 ሕንድ ውስጥ ነው። እንዲህ ያለ መርዝ ነርቭን እንዴት እንደሚጎዳ ለማየት ተመራማሪዎች ከአይጥ አንጎል ግማሽ ሚሊ ሜትር የማይሞላ ስስ ቁራጭ ይወስዳሉ። ጨውና ግሉኮስ ባለው ፈሳሽ ውስጥ ኦክስጅን እየሰጡ በሕይወት ያቆዩታል፤ በቀጭን ኤሌክትሮድ የሴሎቹን ኤሌክትሪክ ይለካሉ። መጀመሪያ ያለ መርዝ፣ ከዚያ ከመርዝ ጋር፣ በመጨረሻም መርዙን አጥበው። ኦዳፕ ግሉታሜት የተባለውን የአንጎል መልእክተኛ ስለሚመስል በእሱ መቀበያ ላይ ይቀመጣል። ሴሉ ያለ ዕረፍት ይቀሰቀሳል፤ ካልሲየም ያጥለቀልቀዋል፤ ሲበዛበት ይሞታል። መቀበያውን የሚዘጋ ንጥረ ነገር ቀድሞ ሲጨመር ግን ጉዳቱ ይቀንሳል። መርዙ በየት በኩል እንደሚገባ የሚታወቀው እንዲህ ነው።

ስለዚህ እንፋሎቱ አይጎዳም፤ አልፎ አልፎ የሚበላ ሽሮም እንዲሁ። አደጋው ጓያን ለወራት ዋና ምግብ ማድረግ ነው። ዘፍዝፎ ውሃውን መድፋትና ከሌላ እህል ጋር መቀላቀል መርዙን ይቀንሳል። አንዴ ለታሰረ እግር ግን ፈውስ አልተገኘም።

ይህን ሁሉ በኩራት ለወንድማችን ነገርነው። ዝም ብሎ ሰማንና "አጎቴ እንደሚጎዳ ያውቁ ነበር። የሚቀላቅሉት እህል አልነበረም። መዘፍዘፊያውስ ውሃ በድርቅ ከየት ይመጣል?" አለ።

መልስ አልነበረንም። መርዙ ሴሉን እንዴት እንደሚገድል ተምረናል፤ ሰውየውን ወደ መርዙ የገፋው ግን ረሃብ ነበር። አውፍ በለን አልነው። ከዚያ ወዲህ ከኢፍጧር መዋጯችን ጥቂት እየቀነስን ለአጎቱ ቤት የስንዴ መግዣ እንልካለን። ትንሽ ናት። እናንተም በየመጣችሁበት ቀበሌ ጓያ ብቻ የሚበላ ቤት ካለ ጠይቁ፤ ሳትስቁ።