የእናቴ ጉልበት

እናቴ ሜሪላንድ ውስጥ ሰው ሠራሽ ጉልበት በተተከለላት በ4ኛው ዓመት ሕመሙ ተመለሰ። ትኩሳት አልነበራትም፤ ጉልበቷ ግን ያብጣል። ቤት ተርፎ የነበረውን አሞክሳሲሊን ለ5 ቀን ሰጠኋት። እብጠቱ ጋብ ሲል ሐኪም የሆንሁ መሰለኝ።

እውነተኛው ሐኪም ራጁን አይቶ ብረቱ ከአጥንቱ መላቀቁን፣ መቀየርም እንዳለበት ነገረን። ያላቀቀው ጀርም ይሁን ዕድሜ ሳይለይ ግን አይቀየርም፤ ጀርም ካለ አዲሱም ይበከላል። ብዙ ጊዜ ተጠርጣሪው በሁላችን ቆዳ ላይ የሚኖር ጭምት ባክቴሪያ ነው፤ ብረቱ ላይ ስስ ሽፋን ሠርቶ ይሸሸጋል፤ የደም ምርመራም ሊያመልጠው ይችላል። ስለዚህ ከመገጣጠሚያው ፈሳሽ በመርፌ ይቀዳል፤ ነጭ የደም ሴሎች ይቈጠራሉ (በአንድ ማይክሮሊትር ከ3,000 ካለፉ ያሠጋል)፤ የቀረው ለካልቸር ይላካል።

«ሰሞኑን አንቲባዮቲክ ወስደዋል?» ሲል ጠየቃት። አስተርጓሚው እኔ ነኝ።

እናቴ ፊቴን አየች። «አልወሰድሁም በለው፣ ልጄ» አለችኝ።

ያ መድኃኒት ጀርሙን ሳይገድል ከምርመራ ሊደብቀው እንደሚችል አታውቅም፤ እርሷ የምትደብቀው እኔን ነበር።

እውነቱን ነገርሁት። አልተቈጣም፤ ቀጠሮውን ብቻ ሁለት ሳምንት ገፋው። ከዚያም ፈሳሹ ተቀዳ፤ እስከ 14 ቀን ጠብቁ ተባልን።

በ9ኛው ቀን ተደወለ፤ በቅሏል። አንድ ናሙና ብቻውን አይፈረድበትም፣ ከቆዳ የተነካካ ሊሆን ይችላል። በቀዶ ሕክምናው ዕለት ከ5 ቦታ ሥጋ ተወስዶ፣ ሁለቱ ያንኑ ጀርም ካበቀሉ ይረጋገጣል። ይህን ሁሉ ስተረጕምላት ጉልበቷን እየዳበሰች አዳመጠችኝና፣ «አንተ ግን ምሳ በልተሃል?» አለችኝ።