የተሸሸገ ሕመም

ሰው ከሚታመመው ሕመም አንዳንዱ በአደባባይ የሚነገር፥ አንዳንዱም በጓዳ የሚሸሸግ ነው። ራሱን ያመመው ሰው ሻሽ አስሮ ይወጣል፤ እግሩ የተሰበረውም ምርኩዝ ይዞ ይታያል፤ ጎረቤትም እግዚአብሔር ይማርህ ይለዋል። ሽንቱ የሚያስቸግረው ሽማግሌ ግን ነገሩን ለሚስቱ እንኳ ሳይገልጥ ዓመታት ያሳልፋል። ሽማግሌ ሌሊት ሦስት አራት ጊዜ ከአልጋው ቢነሣ የዕድሜ ነገር ነው ተብሎ ይታለፋል እንጂ ሕመም ነው ተብሎ አይጠየቅም። የዕድሜ ነገር መሆኑስ እውነት ነው፤ ነገር ግን የዕድሜ ነገር ሁሉ ዝም ሊባል የሚገባው አይደለም።

ከደብረ ብርሃን በስተ ምዕራብ፥ በሰሜን ሸዋ ደጋ ላይ፥ ደነባ የምትባል ከተማ አለች። መሬቱ ጥቁር፥ ብርዱም ብርቱ ነው። በዚያ አገር ተወልደው፥ ዜማና አቋቋም ተምረው፥ ብዙ ዘመን በመሪጌታነት ያገለገሉ አንድ ሽማግሌ ሚስታቸው ካረፉ በኋላ ልጃቸው ወደምትኖርበት ወደ አሜሪካ፥ በሜሪላንድ ወዳለችው ወደ ሲልቨር ስፕሪንግ ሄዱ። በዚያ አካባቢ ብዙ ኢትዮጵያውያን ስለሚኖሩ መሪጌታው ከበሮም ጸናጽልም መቋሚያም አላጡም። ሰዉም የኔታ እያለ ያከብራቸው ነበር።

የኔታ ግን አንድ ነገር ደብቀው ነበር። የማኅሌት ሌሊት ረጅም ነው፤ እርሳቸውም ገና ዜማው ሳይሞቅ ሹልክ ብለው መውጣት ጀመሩ። መጀመሪያ በሌሊት አንድ ጊዜ፥ ቀጥሎ ሁለት ጊዜ፥ በኋላም በየሰዓቱ ሆነ። ከወጡም በኋላ ሽንቱ ቶሎ አይመጣም፤ ቢመጣም እየተቆራረጠ ነው፤ ጨረስሁ ብለው ሲመለሱ ገና እንዳልጨረሱ ይሰማቸዋል። ስለዚህ ሰው ሁሉ በመካከል ቦታ ሲይዝላቸው እርሳቸው በበሩ አጠገብ መቆምን መረጡ። ከበዓል በፊት ባለው ቀንም ውሃ መጠጣትን ተዉ። ትሕትና ነው ብለው ያመሰገኑአቸው ነበሩ፤ ምስጋናው ከሕመሙ ይልቅ አሳፈራቸው።

ይህ ሕመም የሚመጣው ፕሮስቴት ከተባለው ዕጢ ነው። ዕጢው ከሽንት ፊኛ በታች ተቀምጦ የሽንቱን መውጫ ቧንቧ እንደ ቀለበት ይከበዋል፤ ሥራውም ለወንድ ዘር የሚሆን ፈሳሽ ማዘጋጀት ነው። በጎልማሳነት ከ20 እስከ 30 ግራም ያህል የሚመዝን ሲሆን ዕድሜ በገፋ ቁጥር ያድጋል፤ ሲያድግም ቧንቧውን ያጠባል። ከ60 ዓመት በኋላ ከወንዶች ግማሽ የሚያህሉት፥ ከ80 ዓመት በኋላም አብዛኞቹ ይህ ዕድገት ይገኝባቸዋል። ነቀርሳ አይደለም፤ ወደ ነቀርሳም አይለወጥም። ነገር ግን ሁለቱ በአንድ ሰው ላይ አብረው ሊገኙ ስለሚችሉ ሐኪም መርምሮ መለየት ይገባዋል። ቸል ቢሉትም ፊኛው ይደክማል፥ ጠጠር ይፈጠራል፥ ኩላሊትም ይጎዳል።

በጥር ወር የኔታን ጉንፋን ያዛቸው። ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚሸጥ የጉንፋን እንክብል ሁለት ቀን ዋጡ። በሁለተኛው ቀን ማታ ሽንታቸው ፈጽሞ ቆመ። እንዲህ ያሉት የጉንፋን መድኃኒቶች አፍንጫ የሚከፍቱትን ያህል የሽንትን በር ሊዘጉ እንደሚችሉ አላወቁም ነበር። እስከ ሌሊቱ ስምንት ሰዓት ድረስ ሆዳቸውን ይዘው ታገሡ፤ ከዚያ በላይ ግን የሰው ትዕግሥት አልበቃም፤ ልጃቸውን ጠሩ። በሆስፒታል የላስቲክ ቱቦ በሽንታቸው መንገድ ቢያስገቡ ከአንድ ሊትር በላይ ወጣ። የኔታም እንደ ሕፃን አለቀሱ፤ ያለቀሱት ከሕመሙ ስላረፉ ነው፥ ደግሞም ልጃቸው በበሩ አጠገብ ቆማ ስላየች ነው።

በማግሥቱ የሽንት መሥመር ሐኪም መጣ። ከመቼ ጀምሮ ነው? ኃይሉስ እንዴት ነው? ልብስዎን ያረጥባልን? እያለ ጠየቀ። ልጃቸው ታስተረጕማለች፤ እርሳቸውም ለሁሉ አንድ መልስ ሰጡ፦ «ደኅና ነኝ በዪው»። ሐኪሙ ፊታቸውን አይቶ ነገሩ ገባው። በዚያ አገር ከመንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል ቋንቋውን ለማያውቅ በሽተኛ ያለ ዋጋ አስተርጓሚ እንዲያቀርብ ሕግ ያዛል። ልጂቱን ጥቂት በውጭ እንድትቆይ ለመናትና ስልኩን አነሣ። ከስልኩም ውስጥ የአንድ ወንድ ድምፅ በአማርኛ፥ «አባቴ፥ እንደምን ዋሉ? እኔ አስተርጓሚ ነኝ፤ የሚነግሩኝን ለሐኪሙ ብቻ ነው የማደርሰው» አለ።

የኔታም፥ «ልጄ፥ አገርህ ወዴት ነው?» አሉት።

«አባቴ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ስለ ራሴ መናገር አልተፈቀደልኝም» አለ።

ይህ መልስ በመጀመሪያ አስከፋቸው፤ አገሩን የማይናገር ሰው ምን ሰው ነው አሉ። ነገር ግን ጥቂት ቆይተው ይኸው መልስ እንዳሳረፋቸው ተገነዘቡ። ይህ ሰው የደነባ ዘመድ የለውም፤ በቅዳሴ ጊዜ አያገኛቸውም፤ ፊታቸውንም አላየም። ስለዚህ የአራት ዓመት የተደበቀ ነገር ሁሉ በአንድ ጊዜ ከአፋቸው ወጣ።

ሐኪሙ በዓለም ሁሉ የታወቁትን ሰባት ጥያቄዎች ጠየቃቸው፤ ለእያንዳንዱም ከ0 እስከ 5 ነጥብ ይሰጣል። ድምሩ እስከ 7 ከሆነ ሕመሙ ቀላል፥ ከ8 እስከ 19 መካከለኛ፥ ከ20 እስከ 35 ብርቱ ይባላል። የኔታ 24 አገኙ። ከዚያም በኋላ ስምንተኛ ጥያቄ አለ፤ እርሱ ስለ ሽንት ሳይሆን ስለ ኑሮ ነው፤ ቀሪውን ዘመን ሁሉ አሁን እንዳሉበት ሆነው ቢኖሩ ምን ይሰማዎታል የሚል ነው። የኔታ ለዚህ ፈጥነው መመለስ አልቻሉም። ማንም ሰው ከዚያ በፊት ስለ ቀሪው ዘመናቸው እንዲህ አድርጎ ጠይቋቸው አያውቅም ነበር። በመጨረሻም፥ «ከማኅሌቱ መካከል እየወጣሁ መኖርን አልፈልግም በለው» አሉ።

እንግዲህ ምርጫው ቀረበላቸው። ዕጢው 70 ግራም ያህል ሆኖ ተገኘ፤ በደምና በጣት የተደረገው ምርመራ ግን የነቀርሳ ጥርጣሬ አላሳየም። የመጀመሪያው መንገድ መድኃኒት ነው። ታምሱሎሲን የሚባለው የዕጢውንና የፊኛውን አፍ ጅማት ያላላል፤ በጥቂት ቀን ውስጥም ይሠራል። ፊናስተራይድ የሚባለው ደግሞ ዕጢውን ቀስ በቀስ ያሳንሳል፤ ጥቅሙ እስኪታይ ግን ስድስት ወር ወይም ከዚያ በላይ መታገሥ ያስፈልጋል። በ1996 ዓ.ም. የታተመ ከ3,000 በላይ ወንዶች የተካተቱበት ጥናት እንዲህ ያሉ ሁለት ዓይነት መድኃኒቶች አብረው ሲወሰዱ የሕመሙን መባባስ ከአንዱ ብቻ ይልቅ እንደሚከለክሉ አሳይቷል። ሁለተኛው መንገድ ቆዳ ሳይቀደድ በሽንት ቧንቧ ውስጥ መሣሪያ አግብቶ የሚዘጋውን ሥጋ በኤሌክትሪክ ወይም በሌዘር መቍረጥ ነው። ሦስተኛውም ከእምብርት በታች ከፍቶ የዕጢውን ውስጥ ፈልፍሎ ማውጣት ነው፤ ይህም በጣም ላደገ ዕጢ የሚሆን ሲሆን በአገራችንም ብዙ ጊዜ የሚሠራው ይኸኛው ነው።

ነገር ግን ምርጫ በሐኪም ወረቀት ላይ እንደ ተጻፈው ቀላል አይደለም። በአሜሪካ አገር ለሽማግሌዎች የተሠራው ሜዲኬር የተባለው የሕክምና መድን፥ በዚያ ሠርቶ ግብር ላልከፈለ መጤ የሚፈቀደው 65 ዓመት ሲሞላውና በቋሚ ነዋሪነት አምስት ዓመት ያለማቋረጥ ተቀምጦ ሲገኝ ነው፤ ያውም በየወሩ እየከፈለ ነው። የኔታ ገና አራት ዓመታቸው ነበር። እንግዲህ ያን ጊዜ ቢቀደዱ ዕዳው በልጃቸው ትከሻ ላይ ይወድቃል። ልጂቱ፥ «አባባ፥ ስለ ገንዘቡ አያስቡ» አለች፤ እርሳቸው ግን ሌሊት ሥራ ውላ ጧት ስትመለስ የሚያዩ አባት ናቸውና ሳያስቡ መቅረት አልቻሉም። ወደ አገር ልመለስና በአዲስ አበባ ልቀደድ ብለውም አሰቡ፤ በጥቁር አንበሳና በሌሎችም ሆስፒታሎች ይህን የሚሠሩ የሠለጠኑ ሐኪሞች አሉና። ነገር ግን ቱቦ እንደ ተሸከሙ ያን ሁሉ መንገድ መሄድ፥ ከዚያም ከሚጦራቸው ልጅ ርቀው ማገገም ሌላ መከራ ነው።

ከዚህም በላይ ፍርሃት ነበረባቸው። ነሐሴ 21 ቀን 1967 ዓ.ም. ግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሲያርፉ የኔታ ወጣት ነበሩ። በማግሥቱ የደርግ መንግሥት ንጉሡ ከፕሮስቴት ቀዶ ሕክምና በኋላ በተነሣ ሕመም ትንፋሻቸው ተቋርጦ ሞቱ ብሎ ሲያስነግር ሰምተዋል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ይህ ቃል በልባቸው ውስጥ ከሞት ጋር ተጣምሮ ኖረ። ሐኪማቸው ፕሮፌሰር አሥራት ወልደየስ ግን የተባለው ችግር አልደረሰም ብለው የመንግሥቱን ወሬ አልተቀበሉትም። የፖለቲካ ሰዎች የሐሰት ወሬ የሚሸከምላቸው ሲፈልጉ ሕመምን ያዋርዱታል፤ ከሕመሙ ጋር ግን ስንት ምስኪን ሽማግሌ ከሐኪም እንደ ሸሸ የሚቈጥረው የለም።

በሌላውም ዓለም ይህ ሕመም ታላላቆችን አልማረም። በ1956 ዓ.ም. በጥቅምት ወር የእንግሊዝ ጠቅላይ ሚኒስትር ሃሮልድ ማክሚላን በዚሁ ዕጢ ታመው፥ ሕመሙ የከፋ መስሏቸው ሥልጣናቸውን ለቀቁ፤ ዕጢው ግን ነቀርሳ አልነበረበትም፤ እርሳቸውም እስከ 1979 ዓ.ም. ኖሩ። በዚያው ዓመት በሚያዝያ ወር የፈረንሳይ ፕሬዚዳንት ጄኔራል ደ ጎል በ73 ዓመታቸው በፓሪስ ተቀድደው ድነው እስከ 1961 ዓ.ም. በሥልጣናቸው ቈዩ። አንዱ በፍርሃት፥ አንዱ በጽናት ያንኑ ሕመም አሳለፉት። በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ የእንግሊዝ ንጉሥ ቻርልስ ለዚህ ሕመም መታከማቸውን ለሕዝብ በግልጥ አስነገሩ፤ ሌሎች ወንዶችም እንዲመረመሩ ብለው ነው። ንጉሥ ያላፈረበትን መሪጌታ ሊያፍርበት አይገባም።

የኔታ ነገሩን ወደ ንስሐ አባታቸው አቀረቡ። ጸበል ብቻ ይበቃኛልን ብለውም ጠየቁ። አባትም የንጉሥ ሕዝቅያስን ነገር አሳሰቡአቸው፤ እርሱ በጸሎቱ ዕድሜ ከተጨመረለት በኋላ ነቢዩ ኢሳይያስ በቍስሉ ላይ የበለስ ጥፍጥፍ እንዲያኖሩበት አዟል። ንጉሥ አሳ ደግሞ የተነቀፈው ሐኪም ስለ ጠራ ሳይሆን እግዚአብሔርን ትቶ በሐኪም ብቻ ስለ ተማመነ ነው። የሲራክም መጽሐፍ በ38ኛው ምዕራፍ ሐኪምን ማክበርን ያስተምራል። እንግዲህ ጸበሉና መድኃኒቱ አይጣሉም።

ሌላም ነገር ነበር። ታምሱሎሲን የደም ግፊትን ዝቅ ስለሚያደርግ ድንገት ሲነሡ ያዞራል፤ የሚወሰደውም በየቀኑ ከአንድ ዓይነት ማዕድ በኋላ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ነው። በዐቢይ ጾም እየሰገደ፥ በባዶ ሆዱ ቆሞ ለሚውል ሽማግሌ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ንስሐ አባታቸው ስግደቱን እንዲቀንሱ፥ ሲደክማቸውም እንዲቀመጡ ፈቀዱላቸው። እንክብሉንም ማታ ከሚበሉት ማዕድ ጋር አደረጉት። ዓይናቸው ሞራ ቢይዘው ለሚቀድዳቸው ሐኪም ይህን መድኃኒት እንደሚወስዱ እንዲነግሩ፥ ፊናስተራይድም የነቀርሳውን የደም ምርመራ ቍጥር ወደ ግማሽ ስለሚያወርደው ይህንንም ለሚመረምራቸው ሁሉ እንዲያስታውሱ ሐኪሙ አስጠነቀቃቸው።

እንዲህ ሆኖ ምርጫቸው ተቈረጠ፦ አስቀድሞ መድኃኒት፥ ሽንታቸው እንደ ገና ቢዘጋ ወይም ኩላሊታቸው ቢነካ ግን ዕዳ ሳይፈሩ ቀዶ ሕክምና። መድኃኒቱን ከጀመሩ በኋላ ቱቦው በወጣ ጊዜ ሽንታቸው በራሱ ወረደ። በስድስተኛው ወር ነጥባቸው 11 ሆነ። ሕመሙ አልጠፋም፤ ሌሊት አንድ ጊዜ፥ አንዳንድ ጊዜም ሁለት ጊዜ ይነሣሉ። ነገር ግን ከበሩ አጠገብ ወደ መካከል ተመለሱ።

ከዚያ በኋላ በአንድ እሑድ ደነባ ላለው ታናሽ ወንድማቸው ስልክ ደወሉ። ስለ ዝናቡና ስለ እህሉ ከተነጋገሩ በኋላ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው የደረሰባቸውን ሁሉ ነገሩት፤ ሌሊት ስለ መነሣት፥ ስለ ጉንፋኑ እንክብል፥ ስለ ቱቦውም ጭምር። በወዲያኛው ጫፍ ብዙ ጊዜ ዝምታ ሆነ። ስልኩ የተቋረጠ መሰላቸው። በመጨረሻም ወንድማቸው፥ «ጋሼ፥ እኔም እኮ ሦስት ዓመቴ ነው» አለ።

የኔታም፥ «እንግዲያውስ ነገ ጧት ተነሥተህ ደብረ ብርሃን ሆስፒታል ሂድ፤ ለሐኪሙም እንደ እኔ ደኅና ነኝ አትበለው» አሉት።

የሁለት ወንድማማች ዝምታ በአንድ ቃል ተሰበረ። ሕመምን የሚያከብድ ሕመሙ ብቻ አይደለም፤ ያለ ምክር ብቻ መሸከሙም ነው። ለሰው ማሰማት የሚያሳፍር ቢሆን ለሐኪምና ለንስሐ አባት መናገር አያሳፍርም፤ ሁለቱም የሰውን ምሥጢር ሊጠብቁ የተሾሙ ናቸውና።