ግንደወይንና የሠራተኛ ዋጋ

ከቢቸና ተነሥተን፣ ደብረ ወርቅን አልፈን፣ ወደ ሞጣ በሚያደርሰው ጎዳና ስንጓዝ የጎንቻ ሲሶ እነሴ ወረዳ ዋና ከተማ ከሆነችው ከግንደወይን የደረስነው በ2011 ዓ.ም. በኅዳር ጽዮን ዋዜማ ነበር። የከተማዪቱ ስም በግእዝ ሲፈታ የወይን ግንድ ማለት ነው። ስለዚህ በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ላደግነው ለእኛ ወዲያው ትዝ ያለን፣ ለወይን ቦታው ሠራተኞችን ሊቀጥር በማለዳ የወጣው የባለቤቱ ምሳሌ ነው። ነገር ግን በዚያው ዕለት ስለ ቀጣሪና ስለ ተቀጣሪ የሚያሳስብ ጉዳይ ይገጥመናል ብለን አላሰብንም ነበር።

ጊዜው የጤፍ አጨዳ ነው። በገበያው ዳር ግን ከሑመራና ከመተማ የሰሊጥ እርሻ የተመለሱ ወጣቶች በብዛት ቆመው አየን። ጫማቸው አዲስ ነው፤ የእጅ ስልካቸውም ዘፈን ያሰማል። ፊታቸው በቆላው ፀሐይ ከስሎ፣ አንዳንዱም በወባ ገርጥቶ ነበር።

ማታ ባረፍንበት ቤት ባለቤቱን ሽማግሌ፣ «አባቴ፣ ልጅዎ በሰላም ተመለሰልዎ?» ብለን ጠየቅናቸው።

«ተመስገን፣ ተመልሷል መምህር፤ ሒሳቡ ግን አልገባኝም» አሉን። «እርሱ በክረምት የሰው ሰሊጥ ሊያርም ቢሄድ፣ የእኔን ጤፍ የሚያርም ጠፋና የጎረቤቴን ልጅ በገንዘብ ቀጠርሁ። ቀድሞ ወንፈል ነበር፤ ዛሬ ለእኔ፣ ነገ ለአንተ። አሁን ልጄ ከሰው አገር ገንዘብ ያመጣል፤ እኔ ለጎረቤት ልጅ እከፍላለሁ፤ የጎረቤቴም ልጅ በከፈልሁት ስልክ ይገዛል።»

ልጁ በምድጃው አጠገብ ተቀምጦ ያዳምጥ ነበርና፣ «መሬት ቢኖረኝ ምን ያስኬደኛል?» ሲል መለሰ። እውነቱን ነው። በ1989 ዓ.ም. በአማራ ክልል መሬት ሲሸጋሸግ እርሱ ገና አልተወለደም። የአባቱም እርሻ ለወንድማማቾቹ ቢከፈል ለአንዱ ጥማድ በሬ መዞሪያ አይተርፈውም።

የሥራውንም ነገር ተረከልን። ሰሊጥ ሲደርስ ፍሬው ተከፍቶ ስለሚረግፍ በጥቂት ቀን ታጭዶ ማለቅ አለበት። በእነዚያ ቀናት ባለ እርሻው ሠራተኛን ይለምናል፤ ዋጋም ይጨምራል። ሰሊጡ ታጭዶ ከተከመረ በኋላ ግን ቃሉ ይለወጣል። የምግቡ፣ የብድሩና የደላላው ተቀንሶ በልጁ እጅ የተቆጠረው ገንዘብ አስቀድሞ ከተነገረው እጅግ ያነሰ ሆነ። በሽታውም አለ፤ ከደጋ የሚወርደውን ሠራተኛ ወባ ብቻ ሳይሆን ካላ አዛር የሚባለው፣ በአሸዋ ዝንብ ንክሻ የሚተላለፈውና ካልታከሙት የሚገድለው ደዌ ይይዘዋል።

በምሳሌው ያለው ባለቤት ከማለዳ ሠራተኞቹ ጋር ዋጋውን አስቀድሞ ተዋውሏል፤ በመሸም ጊዜ ከፍሏል። በዐሥራ አንደኛው ሰዓት ሥራ ፈትተው የቆሙትም ስንፍና ይዟቸው ሳይሆን የሚቀጥራቸው አጥተው ነበር። ሊቃውንት ምሳሌውን በመንግሥተ ሰማያት ይተረጉሙታል፤ ሆኖም ለምድራዊውም ቀጣሪ የሚበቃ ትምህርት አለው። በአገራችን በዚያው በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156 የደመወዝ ቦርድ እንዲቋቋም ደነገገ እንጂ ዝቅተኛውን የዋጋ ልክ ራሱ አልቆረጠም። ሕጉ ያልቆረጠውን እንግዲህ ችግር ይቆርጠዋል። የቸገረው ሰው የሰጡትን ይቀበላልና።

የዘመኑ ንግድም በችግሩ ላይ ሌላ ችግር ይጨምራል። የቀድሞው ነጋዴ ሰው የሚፈልገውን ጨው ይዞ ይመጣ ነበር፤ የአሁኑ ግን ዕቃውን ብቻ ሳይሆን ፍላጎቱንም ሠርቶ ያመጣል። ስልኩ ሳይሰበር አሮጌ ይባላል፤ ጫማው ሳይቀደድ ያሳፍራል። ወጣቱም ያን ለመተካት እንደ ገና ጉልበቱን ለመሸጥ ይወርዳል። በቃኝ ማለት ያልለመደ ሰው የጉልበቱን ዋጋ ተከራክሮ አያስወስንም፤ ይቸኩላልና።

ይህን ስንናገር በኪሳችን ያለው የእኛው ስልክ ጮኸ። ሽማግሌው ፈገግ አሉ፤ እኛ ግን አፈርን። እኛም ደመወዝተኞች ነን፤ ስልኩንም የገዛነው አሮጌው ሳይበላሽ ነበር።

ከበዓሉ ማግስት ወደ ሞጣ ስንነሣ ያን ወጣት ከአምስት ጓደኞቹ ጋር በወንፈል የአባቱን ጤፍ ሲያጭድ አገኘነው። «ለከርሞስ?» አልነው። «ሰኔ ሲገባ እሄዳለሁ መምህር፤ አሁን ግን ከአባቴ ጋር ተማክረናል፤ መጀመሪያ ወይፈን ነው የምገዛ» አለን።

ውድ አንባብያን ሆይ፣ ልጆቻችሁ ወደ ሥራ ሲሄዱ ስለሚያመጡት ዕቃ ከማሰብ በፊት ስለሚሄዱበት ምክንያት አብራችሁ ተማከሩ። በእናንተም ቤት የምታጥብ፣ የምትጋግር፣ አጥር የሚያጥር ሠራተኛ ካለ ዋጋውን አስቀድማችሁ ተዋዋሉ፤ በመሸም ጊዜ ሳታጎድሉ ክፈሉ። የወይኑ ባለቤት ያደረገው ይህንኑ ነው።