እንግዳ ታሳድር የነበረች ከተማ

በዛሬው የቤተ ሰብ ገጻችን ወደ ድሬ ዳዋ ከተማ ልንወስዳችሁ አሰብን። ስለ ከተማዪቱ ንግድና ፋብሪካ ብዙ ተጽፎአል፤ እኛ ግን የምንጽፈው ስለ አንድ ናፍቆት ነው። የድሬ ዳዋ ተወላጅ በአዲስ አበባም ሆነ በባሕር ማዶ ከአገሩ ልጅ ጋራ ሲገናኝ፥ ጨዋታው ከየትም ቢጀመር መድረሻው አንድ ነው፤ ይኸውም ባቡሩ ነው። አንዱ በጣቢያው አጥር ላይ ተንጠልጥሎ ፉርጎ ይቈጥር እንደ ነበረ ይናገራል፤ ሌላው የባቡሩን ጩኸት ሰምቶ ሰዓቱን ያውቅ እንደ ነበረ ያስታውሳል። ሁለቱም ጥቂት ዝም ይሉና፥ «አቦ! የድሬ ነገር» ብለው ይተነፍሳሉ። ሰው ብረትን እንዴት ይናፍቃል? እኛም ይህን ጥያቄ ይዘን ወደዚያው ሄድን።

አስቀድመን የከተማዪቱን አወላለድ እንናገር። ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለስዊሱ ተወላጅ ለሙሴ አልፍሬድ ኢልግ የምድር ባቡር እንዲያሠራ ፈቃድ ሰጡ። እርሱም ከፈረንሳዊው ከሙሴ ሌዎን ሸፍኖ ጋራ ተባብሮ ኩባንያ አቋቋመ፤ ሥራውም በ1890 ዓ.ም. ከጂቡቲ ተጀመረ። የመጀመሪያው አሳብ ሐዲዱን ልዑል ራስ መኰንን ያስተዳድሩት ወደ ነበረው ወደ ሐረር ከተማ ለማግባት ነበር። ነገር ግን ሐረር ከባሕር ጠለል በላይ ከ1800 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የተቀመጠች ስለ ሆነች፥ ያን ሁሉ ዳገት ለመውጣት የሚያስፈልገው ገንዘብ እጅግ የበዛ ሆነ። ስለዚህ ሐዲዱ በተራራው ግርጌ፥ 1200 ሜትር ያህል ከፍታ ባለው ሜዳ ላይ እንዲያልፍ ተቈረጠ። ከጂቡቲ 310 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኘው ይህ ስፍራ በታኅሣሥ ወር 1895 ዓ.ም. ባቡሩን ተቀበለ። በዚያን ጊዜ ከተማዪቱ አዲስ ሐረር ትባል ነበር፤ ስሙ ግን አልጸናም፤ የአገሩ ሰው የሚጠራት ድሬ ዳዋ የሚለው ስም አሸነፈ።

ከዚህም በኋላ ሐዲዱ በገንዘብ እጦትና በመንግሥታት ክርክር ምክንያት ለዓመታት ሳይቀጥል ቆመ። ባቡር አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ስለ ሆነ፥ ከድሬ ዳዋ እስከ ዋናው ከተማ ያለው መንገድ ከ14 ዓመት በላይ ፈጅቶአል። መዘግየቱ ለኩባንያው ኪሳራ ቢሆንም ለድሬ ዳዋ ዕድል ሆነላት። ከባሕር የመጣው ዕቃ ሁሉ ከፉርጎ ወርዶ በግመልና በበቅሎ የሚጫነው በዚያ ነበርና፥ ነጋዴው፥ ጫኙ፥ ጸሓፊውና አስተርጓሚው ሁሉ በሐዲዱ ራስ ላይ ቤቱን ሠራ። ኦሮሞው፥ ሶማሌው፥ አማራው፥ ሐረሪው፥ ጉራጌው፥ እንዲሁም ዐረቡ፥ ህንዱ፥ አርመኑና ግሪኩ ጐን ለጐን ሰፈሩ። በአንድ ገበያ ውስጥ አምስት ቋንቋ መስማት የተለመደ ነገር ሆነ።

አሁን ወደ ናፍቆቱ ሥር እንምጣ። በመጀመሪያው ዘመን ባቡሩ የሚጓዘው በቀን ብቻ ነበር። በማለዳ ከጂቡቲ የተነሣው መንገደኛ በዐሊ ሳቢህ፥ በደወሌና በአይሻ በኩል የበረሃውን ትኵሳት ታግሦ ማታ ድሬ ዳዋ ይደርሳል፤ በዚያም ያድራል። በማግሥቱ አዋሽ ያድራል፤ አዲስ አበባም የሚገባው በሦስተኛው ቀን ነው። እንግዲህ መኰንንም ቢሆን ነጋዴ፥ የውጭ አገር መልእክተኛም ቢሆን ወደ ዘመዱ የሚሄድ ምስኪን፥ ሁሉም ድሬ ዳዋ ላይ ሌሊቱን ማሳለፍ ግዴታው ነበር። ሌሎች ከተሞች እንግዳን በዓመት በዓል ቀን ይጠባበቃሉ፤ ድሬ ዳዋ ግን ማታ ማታ ትጠባበቅ ነበር። ዐልጋ ያለው ሆቴል ይሄዳል፤ ገንዘብ ያጠረው የአገሩን ሰው ፈልጎ ደጅ ያንኳኳል። ሙቀቱ ሲበርድ ቤተ ሰቡ ምንጣፉን ወደ ግቢ አውጥቶ ይቀመጣል፤ እንግዳውም ከባሕር ወይም ከደጋ ያመጣውን ወሬ ያወራል።

ደስታው ብቻ ሳይሆን ኀዘኑም በዚያው ሐዲድ አልፎአል። ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከአዲስ አበባ ተነሥተው ወደ ስደት ሲሄዱ ባቡራቸው በድሬ ዳዋ አልፎ ወደ ጂቡቲ ወረደ። ጥቂት ቀን ቈይቶም ጠላት ከተማዪቱን ያዘ፤ ነጻ የወጣችውም በ1933 ዓ.ም. ነው።

ሐዲድ በወለዳት ከተማ የቀድሞውን ዘመን የሚናፍቅ የድሬ ዳዋ ሰው ብቻ አይደለም። በአሜሪካ አገር በኔቫዳ በረሃ ላስ ቬጋስ የምትባል፥ በቁማር ቤቶቿ በዓለም ሁሉ የታወቀች ከተማ አለች። እርሷንም የወለዳት ባቡር ነው። በኤውሮጳውያን አቆጣጠር በ1905 የባቡር ኩባንያው በሐዲዱ ዳር ያለውን መሬት በሐራጅ ሸጠና ከተማ ተቈረቈረ፤ ባቡር ድሬ ዳዋ ከደረሰ በኋላ ሦስት ዓመት እንኳ አልሞላም ነበር። በ1931 ቁማር በሕግ ተፈቀደና በመብራትና በሙዚቃ ተጥለቀለቀች። ዛሬ የዚያች ከተማ ሽማግሌዎች የወጣትነታቸውን ሆቴሎች እየጠሩ ይተክዛሉ፤ ዲዩንስ በ1993፥ ሳንድስ በ1996፥ ትሮፒካና በ2024 ሕዝብ እየተመለከተ በፈንጂ ፈርሰዋልና። የባቡር ጣቢያው በነበረበት ስፍራ በ1971 የቁማር ሆቴል ተከፈተ፤ መንገደኛ የሚያመጣው ባቡርም ከ1997 ጀምሮ ወደዚያ መሄዱን ተወ።

እኛ ይህን የምናነሣው ቁማርን ለማመስገን አይደለም። ሁለቱን የበረሃ ልጆች ስናስተያይ ግን አንድ ነገር ይታየናል። በላስ ቬጋስ የቀረው ናፍቆት የፈረሰ ቤት ናፍቆት ነው። የድሬ ዳዋ ቤቶች ግን ብዙዎቹ አልፈረሱም፤ ከዚራ የሚባለው ሰፈር በቀጥተኛ መንገዶቹና በዛፎቹ ጥላ ዛሬም ያምራል። ቀይ አበባ የሚያፈካውን ያን ውብ ዛፍ የሌላው አገር ሰው እንኳ «የድሬ ዳዋ ዛፍ» ብሎ ይጠራዋል። ታዲያ ቤቱ ቆሞ፥ ዛፉም አብቦ ሳለ፥ የጐደለው ምንድን ነው?

መልሱን ያገኘነው ከአንድ አሮጌ ቤት በረንዳ ላይ ነው። ከአሮጌው ጣቢያ ፊት ለፊት ቆመን ሕንጻውን ስንመለከት፥ ከዘራ የያዙ አንድ ሽማግሌ ቀረብ ብለው ከየት እንደ መጣን ጠየቁን። በባቡር ጥገና ቤት ብዙ ዘመን የሠሩ ሰው ናቸው። ስለ ሞተሩ ሲያስረዱን የመሣሪያዎቹን ስም በፈረንሳይኛ ጠሩልን፤ በአማርኛ ምን ይባላል ብንላቸው፥ «ልጆቼ፥ እኛ የተማርነው በዚሁ ነው፤ ሌላ ስም አላወጣንላቸውም» ብለው ሣቁ። ከዚያም፥ «አቦ፥ በፀሓይ አትቁሙ፤ ከቤት ግቡና ቡና ጠጡ» አሉን።

ባለቤታቸው ከምድጃው ዘንድ ተቀምጠው ነበር። እንግዳ መምጣቱን ባዩ ጊዜ ፊታቸው በራና ወደ ቡናው ዕቃ እጃቸውን ሰደዱ። «እማማ፥ አይድከሙ» ብንላቸው እንዲህ አሉን፦ «ምን ድካም አለው! በባቡሩ ጊዜ ለስንት ሰው እንደምቈላ አስቀድሜ አላውቅም ነበር። ጩኸቱን ስሰማ ጀበናውን እጥዳለሁ፤ እርሳቸው ከጣቢያው ሲመለሱ አንድ ሰው ወይም አራት ሰው ይዘው ይገባሉ። አሁን ግን ለሁለት ሰው እቈላለሁ። ልኩን ማወቅ ደግ ነገር መስሎኝ ነበር።»

ከዚህ በኋላ ጥያቄያችንን መድገም አላስፈለገንም። ሰዎቹ የሚናፍቁት ብረቱን አይደለም፤ ባቡሩ ያመጣላቸው የነበረውን ያልታወቀ እንግዳ ነው። ከተማዪቱም እንደ እነዚህ ሴት ወይዘሮ ለስንት ሰው እንደምትቈላ ሳታውቅ ስትጥድ የኖረች ናት።

ይሁን እንጂ ናፍቆት የሚያስረሳውን ነገር እኛ ልንሰውረው አይገባንም። የቀድሞው ዘመን ለሁሉ እኩል አልነበረም። ደቻቱ የሚባለው ወንዝ ከተማዪቱን ለሁለት ይከፍላታል፤ ከዚራ በፕላን ተሠርቶ የኩባንያው ሹማምንትና የውጭ አገር ሰዎች ሲኖሩበት፥ ብዙው ሕዝብ ከወንዙ ማዶ በመጋላ ተጨናንቆ ይኖር ነበር። ሐዲዱም ቢሆን ሁልጊዜ ደስታ አላመጣም፤ በጥር ወር 1977 ዓ.ም. በአዋሽ አጠገብ ባቡር ከሐዲዱ ወጥቶ ከ400 የሚበልጡ ሰዎች አልቀዋል። በ1969 ዓ.ም. ክረምት የሶማሊያ ጦር እስከ ከተማዪቱ ዳር ደርሶ ሕዝቡ በመድፍ ድምፅ አድሮአል። ደቻቱም ዓመቱን አብዛኛውን አሸዋ ብቻ ሆኖ ይከርምና በክረምት በድንገት ይሞላል፤ በ1998 ዓ.ም. ክረምት ሰው በተኛበት በሌሊት ደርሶ ከ200 በላይ ነፍስ ወስዶአል። ሽማግሌው ይህን ሁሉ ሲያነሡ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነበር። «ደጉን ብቻ ከነገርናችሁ ውሸታሞች እንሆናለን» አሉን።

አሮጌው ባቡር እየደከመ ሄዶ በ2000ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ከአዲስ አበባ ይመጣ የነበረው ቀረ። በመስከረም 2009 ዓ.ም. ደግሞ በኤሌክትሪክ የሚሄደው አዲሱ የአዲስ አበባና የጂቡቲ ምድር ባቡር ተመረቀ፤ ርዝመቱም 752 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ይህ ለአገራችን ትልቅ ጥቅም መሆኑን ማንም አይክድም፤ የቀድሞው ሦስት ቀን የፈጀበትን መንገድ አዲሱ በአንድ ቀን ይጨርሰዋል። ነገር ግን የአዲሱ ባቡር ጣቢያ ከከተማው ወጣ ብሎ የተሠራ ስለ ሆነ፥ ጩኸቱ ከምድጃው ዘንድ አይሰማም። መንገደኛውም ማደር አያስፈልገውም፤ ድሬ ዳዋን በመስኮት አይቶ ያልፋል። ፍጥነት የሰጠንን ስንቀበል የወሰደብንንም መቍጠር ተገቢ ነው።

እንግዲህ ምን ይደረግ? ሰዓትን ወደ ኋላ መመለስ አይቻልም፤ ደግሞም አይገባም። የአሮጌው ጥገና ቤት መሣሪያዎችና ሞተሮች ግን ዛሬም በድሬ ዳዋ ይታያሉ፤ ወደዚያ የሚሄድ አባት ልጁን ይዞ ይግባና ያሳየው። ከብረቱ ይልቅ ፈጥኖ የሚጠፋው የሰው ትዝታ ነው። በየቤታችሁ በምድር ባቡር የሠራ አያት፥ በባቡር ስትነግድ የኖረች አክስት፥ ወይም ድሬ ዳዋ ላይ አንድ ሌሊት ያደረ ዘመድ ካለ፥ ልጆቻችሁ ቀርበው ይጠይቁ፤ የሰሙትንም በደብተር ይጻፉ። አሮጌ ፎቶግራፍ ከሳጥን ውስጥ ቢገኝ በጀርባው የሰዎቹ ስምና ዘመኑ ይጻፍበት። ያ ሽማግሌ የጠሩልንን የመሣሪያ ስም የልጅ ልጃቸው አያውቀውም፤ ፉርጎ ምን እንደ ሆነ እንኳ እኛ ባለንበት ጠይቆአቸው ነበርና።

ወደ ከተማዪቱ በሥራ የምትሄዱ መኳንንትና ሹማምንትም ብትኖሩ፥ የምንለምናችሁ አንድ ነገር ነው። የምትቸኵሉበት ጉዳይ ከሌለ አንድ ሌሊት እደሩ። ሙቀቱ ሲበርድ በከዚራ ዛፎች ሥር ተመላለሱ፤ በቀፊራ ገበያ እለፉ፤ በመጋላም ሰንቡሳ ቅመሱ። ከተማዪቱ የለመደችውን ሥራ ስታገኝ ደስ ይላታል።

እኛም ከበረንዳው ተነሥተን ስንሰናበት ወይዘሮዋ እስከ በሩ ሸኙን። ሦስት ሆነን መጥተን ሳለ ቡናውን ለስድስት ሰው ቈልተው ነበርና የተረፈውን በጀበናው ውስጥ አሳዩን። «አይጣልም፤ ማታ ሰው ይመጣ ይሆናል» አሉን።